የተያዙት ቤቶች

የመጨረሻ ልጄ ቤዛ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች። የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ከስምንተኛ አያልፍም፤ ስለዚህ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ ልትማር ነው። ቤት ልናይ አብረን ሄድን። አከራይቱ ወጣት ሴት ናት፤ ከግቢው ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ከፈተችልን። ግድግዳው ገና መመረጉ ነው፣ ጭቃው አልደረቀም። የእርጥብ ጭቃና የጤፍ ጭድ ሽታ ቢመጣብኝ ከደጃፉ ላይ ቀረሁ።

«እማ፣ ግቢ እንጂ! ምን ሆንሽ?» አለች ቤዛ።

«ቆይ፣ እግሬን ላራግፍ» አልኳት። እግሬ ላይ ምንም አልነበረም።

አከራይቱ ከወዴት እንደመጣን ጠየቀች። አፌ ተሳሰረ። ቤዛ ግን ምንም ሳይመስላት የአገራችንን ስም ተናገረች። ሴትዮዋም «ደህና፣ ቁልፉ ይኸው» ብላ ሰጠቻት፤ አለቀ። በመንገድ ላይ ቤዛ ሳቀችብኝ። «እማ፣ ዛሬ ማንም ዘር እየቆጠረ ቤት አይከለክልም። ቢከለክልም ሕግ አለ፤ ሲቪክስ ላይ ተምረናል» አለችኝ። እሰይ አልኩ። ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ቤዛን ውጪ ያሏት ይመስለኛል። ዛሬ ያልጠየቀች ነገ ትጠይቅ ይሆናል፤ ጎረቤት ጠርቶ ይነግራት ይሆናል። እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ቤዛ ይህን ታውቃለች። ያን ዓመት ግን አታውቀውም፤ ነግሬያት አላውቅም።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ በልክ የያዘው ሰው የለም። መንደራችን ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፣ ወንዝ ዳር፣ የሸክላ አፈር የሚቆፈርበት። ትምህርት ቤት ያኔ በአቅራቢያችን የለም። እናቴ እናኑ ትባላለች። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስትነካ የምትውል ሴት ነበረች፤ ግን ለአንድ ጉዳይ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክረው ወረቀት ላይ ካስረገጧት ወዲህ ያቺን ጣት በአሸዋ ስትፈገፍግ ሰነበተች። ቀለሙ ከለቀቀም በኋላ ትፈገፍጋት ነበር። አንድ ቀን እንዲያው ከመሬት ተነሥታ «አንቺ ግን ትፈርሚያለሽ» አለችኝ። መስከረም እንደጠባ ገንቦና ድስቷን አዝላ፣ እኔን አስከትላ ከተማ ገባች።

የመጀመሪያውን ቤት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባለቤቷ እትዬ አስካል የምትባል ደልደል ያለች ሴት ናት፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችልን።

«ግቡ፣ ግቡ! ክፍሏ ትንሽ ናት እንጂ ሙቀት አላት። ከወዴት ናችሁ?»

እናቴ ተናገረች። እትዬ አስካል ጥቂት አሰበችና ዐይኗ ወደ እናቴ እጅ ወረደ። የእናቴ ጥፍር ሥር ሁልጊዜ ቀይ አፈር አለበት፤ ቢታጠብ አይለቅም።

«ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ሸክላ እሠራለሁ፣ እመቤቴ።»

«ውይ! ረስቼው፤ ለካ ቤቱ ተይዟል።»

በእኛ መንደር «ተያዘ» ሲባል ትርጉሙ አንድ ነው። ሰው ድንገት አሞት ሲለፈልፍ፣ እህል ሲጠላ፣ «ተይዟል» ይባላል። ያን ጊዜ ጤና አዳም ያሸቱታል፣ አንገቱም ላይ በክር ያስሩለታል። ማን እንደያዘው ትልልቆቹ በለሆሳስ ያወራሉ፤ እኛ ልጆች ስንጠጋ ዝም ይላሉ። ስለዚህ እኔ የእትዬ አስካል ቤት የታመመ መሰለኝ። ስንወጣ ዞሬ አየሁት። ግድግዳው በአንድ ወገን አብጧል፣ ክዳኑም ዘመም ብሏል። እውነትም አሞታል፣ አልኩ በሆዴ።

ሁለተኛው ቤትም ተይዟል። ሦስተኛውም። አንድ ሰውዬማ በሩን እየገጠመ «ይኸ ደግሞ ትናንት ተያዘ» አለን። እኔ ቤቶቹ አሳዘኑኝ።

«እማ፣ ይህን አገር ምን ወረደበት? ቤቱ ሁሉ እኮ ተያዘ!»

እናቴ ልትስቅ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ንፋሱ ነው» አለች። እኔም አመንኳት። የከተማው ስም ራሱ ንፋስ መውጫ አይደል? ቤቶቹን ያሳመማቸው ንፋሱ ነው ብዬ ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካሉ አንዲት መነኩሴ ዘንድ ደረስን። ስማቸውን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እማሆይ ይላቸዋል። አንድ ዐይናቸው ጨርሶ አያይም፣ ሌላውም ደክሟል። ለቆሎ ተማሪዎች ያሠሯት ጎጆ ነበረቻቸው፤ ተማሪዎቹ ወደ ሌላ ደብር ሄደው ባዶዋን ቀርታለች። እናቴ ያን ዕለት ተስፋ ስለቆረጠች ነው መሰለኝ ሳይጠይቋት ተናገረች።

«እማሆይ፣ ኋላ እንዳይቆጩ ቀድሜ ልንገርዎት፤ ሸክላ ሠሪ ነኝ።»

«እኔም ኋላ እንዳትቆጪ ቀድሜ ልንገርሽ፤ ነዝናዛ ነኝ» አሉ እማሆይ። «ጎጆዋ ምርጊቷ ረግፏል፣ ንፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጭቃ የምታውቂ ከሆንሽ መርገሽ ግቢባት።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው እኔን የሚጠሩኝ። አፈሩን ቆፍረን አመጣን፣ ውኃ አጠጣነው፣ ጭዱን በተንንበት። እስኪቦካ ጥቂት ቀን ተውነውና ሽታው ግቢውን ሞላው፤ እማሆይ «በሕይወቴ ጠላ ጠምቄ አላውቅ፤ ዛሬ ጭቃ ጠመቅሁ» እያሉ ያልፋሉ። እኔና እናቴ እጅ ለእጅ ተያይዘን ረገጥነው። በጣቶቼ መሐል እየሾለከ ሲወጣ እስቃለሁ፣ እናቴም ትስቃለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን መርጎ ይበቃዋል። እናቴ ግን ግድግዳ ሳይሆን እንስራ የምትሠራ ነው የመሰላት። ምርጊቱ ጠፈፍ ሲል የሸክላ ማለስለሻ ጠጠሯን አወጣችና ከሥር እስከ ላይ ፈተገችው። እስኪያበራ ድረስ ፈተገችው። ማዕዘኑን ክብ አደረገችው። በራስጌዬ በኩል ለደብተሬ ማስቀመጫ የምትሆን ጉድጓድ ሠራችልኝ፤ ከንፈር ያላት፣ የድስት አፍ የምትመስል። እማሆይ ገብተው በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«አንቺ እናኑ! ይኸ ቤት ነው ወይስ ጋን?»

«ቤት ነው እንጂ፣ እማሆይ።»

«ጋን ነው! ተጠንቀቁ፣ አንድ ቀን መጥተው ጠላ እንዳይገለብጡባችሁ።»

እኔ ግን ደስ አለኝ። ጋን ውስጥ የሚኖር ልጅ በከተማው ከእኔ በቀር ያለ አልመሰለኝም። ስተኛ አፍንጫዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነው የምተኛው። ስንት ቤት ኖሬያለሁ ከዚያ ወዲህ፤ የቆርቆሮውም የሲሚንቶውም ደርሶኛል። እንደዚያች ጎጆ ያቀፈኝ የለም።

ትምህርት ቤት ገባሁ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ ልጆች መሐል ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። አንድ ቀን አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ «እናንተ ጨዋ ናችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ፣ በጣም!» አልኳት። እናቴ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ተነሺ፣ አትሳደቢ፣ ጨዋ ሁኚ ስትለኝ ነው ያደግሁት። ልጅቱ ደስ ብሏት ጠጋ አለችኝ፤ ቆሎም ሰጠችኝ። ጨዋ ማለት እጁ ብረት ያልቀጠቀጠ፣ ሸክላ ያልሠራ፣ ቆዳ ያልፋቀ ሰው ዘር ማለት እንደሆነ የሰማሁት ኋላ ነው። ማታ ለእማሆይ ስነግራቸው እስኪያነቡ ሳቁ። «ልክ መልሰሻል! ነገም ቢጠይቁሽ እንደዚሁ መልሺ» አሉኝ። እናቴ አልሳቀችም።

የታመሙት ቤቶች ግን ከሐሳቤ አልወጡም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በደጃቸው ነው የማልፈው። በእማሆይ ጓሮ ጤና አዳም ሞልቷል። ቅጠል ቀጠፍኩ፤ ከነጠላዬ ጫፍ ክር እየመዘዝኩ ልክ መንደራችን ለበሽተኛ እንደሚደረገው አሰርኩት። ሰው ሳያየኝ በእትዬ አስካል መቃን ስንጥቅ ከተትኩ። በሌላ ቀን በሁለተኛው ቤት፣ በሌላ ቀን በሦስተኛው። ሲደርቅ በአዲስ እለውጣለሁ። እንደ ሐኪም ሆንኩ።

ጥቅምት ላይ በእትዬ አስካል ግቢ ጭስ አየሁ፤ ያቺ ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት እህል ስትለቅም ተቀምጣለች። እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። እናቴ የገንቦ አንገት እያወጣች ነበር።

«እማ! የዚያች ሴትዮ ቤት ተሽሎታል!»

«የቱ ቤት?»

«ያ ተይዟል ያሉን። ዛሬ ሰው ገብቶበታል፣ ድኗል!»

እናቴ እጇ በገንቦው አንገት ላይ እንዳለ ቆመ። ጭቃው በጣቷ ልክ ሰረጎደ፤ ገንቦው ተበላሸ። ሰብስባ መልሳ ዳመጠችውና «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እኔ ወጥቼ ለቀሩት ቤቶች ጤና አዳም ቆረጥኩ።

ከጥምቀት በፊት ነው፣ የእትዬ አስካል ትንሽ ልጅ ታመመች። ትኩሳት ነው፤ ትቃዣለች። እናትየዋ ቤቱን ስትፈታትሽ ከመቃኑ ውስጥ በክር የታሰረ ቅጠል አገኘች። ሁለት ጎረቤትና የእድሩን ዳኛ አያ ገበየሁን ይዛ መጣች። አያ ገበየሁ ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው ከኋላ ቆሙ።

«እማሆይ፣ ይቺን ሴት ያስወጡልን! መተት አሰረችብኝ! ልጄን አስያዘችብኝ!»

እማሆይ ከመደባቸው አልተነሡም። «እስቲ ወዲህ በይው» አሉና ቅጠሉን ተቀብለው አሸተቱት።

«ይኸ ጤና አዳም ነው።»

«ነዋ!»

«ጤና አዳም ምን ያባርራል?»

እትዬ አስካል ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች።

«ንገሪኝ እንጂ፣ ምን ያባርራል?»

«ቡዳ» አሉ አያ ገበየሁ በእሷ ፈንታ።

«ታዲያ እናንተ ቡዳ የምትሏት ሴት ጤና አዳም በእጇ ይዛ ከቤት ቤት ስትዞር ካላንዘፈዘፋት ምኗ ነው ቡዳ? ለእኔስ ሐኪም መሰለችኝ።»

ከጎረቤቶቹ አንዷ በነጠላዋ ውስጥ በሳቅ ፍርፍር አለች። እትዬ አስካል ግን ድምፅዋ ተሰበረ። «ያሾፋሉ፣ እማሆይ? ልጄ እኮ ናት! ልጄ እየሞተችብኝ ነው!» አለች። ያን ጊዜ ጠላኋት። ዛሬ እኔም የልጅ እናት ሆኜ ሳስበው፣ ያ ድምፅ የማውቀው ድምፅ ነው።

እናቴ እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ እንደሆነ መሐል ቆመች። «በማርያም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ደጅሽን አልረገጥኩም» ትላለች። ማንም አልሰማትም። ይህን ሳይ ከጎጆዋ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ ያደረግሁት» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ለምን?» አሉ አያ ገበየሁ።

«ቤቱ ተይዟል ስላሉን። እንዲሻለው ብዬ።»

«ማነው ተይዟል ያላችሁ?»

በጣቴ አሳየሁ። «እሳቸው። ኋላ ተሻለውና ሰው ገባበት።»

እማሆይ መሳቅ ጀምረው አቆሙ። እትዬ አስካል መሬት መሬት አየች፤ ከዚያ ቅጠሉን ከእማሆይ እጅ ሳትወስድ ፈጥና ወጣች። ልጅቷ በሳምንቱ ዳነች፤ ከክሊኒክ መርፌ ወግተዋት። ያን ቀን ግን እኔ ያየሁት የእናቴን ፊት ነው። ስንት ወር ሙሉ ምን ስሠራ እንደነበር ያኔ ገባት። ጠራችኝና በጭቃ እጇ ጉንጬን ያዘችው፤ ሳትቆጣኝ።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሑድ አያ ገበየሁ ብቻቸውን ተመለሱ።

«እማሆይ፣ እኔ በበኩሌ ልጅቱን አምኛታለሁ። እድሩ ግን ወስኗል። ሸክላ ሠሪ ካስገባ ቤት ለቅሶ አንደርስም ብሏል።»

«ስሞት እኔ ራሴ አላለቅስ፤ ቅሩ እናንተ።»

«ማን ይሸከምዎታል?»

«መላእክት።»

«እማሆይ፣ የደብሩን አቀበት ያውቁት የለም? መላእክትም ቢሆኑ አጋዥ ይፈልጋሉ።»

እማሆይ መሬቱን በመቋሚያቸው መቱ። «አይወጡም ብያለሁ!» አሉ። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰማች።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች፤ እኔም አብሬ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ወንበር ሰጣት።

«በመንግሥት በኩል ሰው ሁሉ እኩል ነው» አላት። «የግል ቤት ግን ባለቤቱ ለፈለገው ነው የሚሰጠው።»

«ባለቤቷ እኮ እኛን ነው የፈለጉን» አለች እናቴ።

ሰውዬው እስክሪብቶውን አገላበጠ። «እሱስ ልክ ነሽ። እድሩ ደግሞ የሕዝብ ነው፤ እኔ ሕዝቡን ቅበሩ ብዬ አላዝ።»

እናቴ ተነሥታ እጅ ነሣችው። በመንገድ ላይ «ልክ ነሽ ብሎኛል፤ ሰምተሻል አይደል?» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እኔ ሳልሰማ ነው የተነጋገሩት። አያ ገበየሁ ከእድሩ አንድ ነገር አስፈቀዱ፤ እናትየዋ ከሄደች፣ ልጅቱም እጇ ጭቃ ካልነካ፣ ልጅቱ ትቀመጥ። እማሆይ ተቆጡ፣ ኋላም አለቀሱ፤ እናቴ ግን እሺ አለች። ትምህርቴ ነው ያሳሰባት። በየካቲት አንድ ማለዳ ዕቃዋን አዘለች። ጋቢዋን ለእኔ ተወችልኝ። ሁለት እጄን ይዛ ጥፍሬን ሁሉ በስንጥር አጸዳችው።

«ጥፍርሽን በየሳምንቱ ቁረጪ። እማሆይን ውኃ ቅጂላቸው። የማን ልጅ ነሽ ሲሉሽ፣ የእማሆይ የእህት ልጅ ነኝ በይ።»

«እሺ።»

«በይ እስቲ፣ ልስማሽ።»

አልኩት። ጎሽ ብላ ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች። እኔም ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በኋላ ያቺ ቆሎ የሰጠችኝ ልጅ፣ ወሬው ደርሷት ይሆናል፣ «ያቺ ሸክላ ሠሪ ምንሽ ናት?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። የተማርኩት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አልወጣም።

ደብተሬን ይዤ ሮጥኩ። የከተማው ጫፍ ላይ አጣኋት፤ ቁልቁለቱን ጀምራ ነው። ሸክሙ ስለከበዳት ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ደረስኩባት። የእግሬን ኮቴ ሰምታ ቆመች፤ ግን አልዞረችም።

«ምነው?» አለች።

«እምቢ አለኝ።»

«ምኑ?»

«አፌ። የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ እምቢ አለኝ።»

ንፋሱ ነጠላዋን ያርገበግበዋል። ተመለሺ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትለኝ እመለስ ነበር መሰለኝ። እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችና ደብተሬን ተቀበለችኝ፤ ከሸክሙ ላይ፣ ከድስቶቹ መሐል ሻጠችው።

በአገራችን ልጅ የእናቱን ተረከዝ እያየ ከኋላ ነው የሚሄደው። እናቴ ግን ጥግ ይዛ አሳለፈችኝ።

«እንግዲያ ፊት ፊት ሂጂ» አለች።

ሄድኩ። ወንዙ እስኪታይ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ፣ ከኋላዬ ትንፋሿን እሰማለሁ። ደስ ብሏት እንደሆነ ወይ አዝናብኝ እንደሆነ ላውቅ አንገቴን ዘወር ባደረግሁ ቁጥር «አትዙሪ፣ እግርሽ ሥር እዪ» ትለኛለች።

ያን ቀን ፊቷን አላየሁትም።